አርባ ፈረስ የረገጠው መሬት

ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ። ይህን ማስቀደሜ የነገሩ ሥር እሱ ስለሆነ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው፤ ዳዊት ሳልደግም አቋርጬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማሩኝ መዶሻና ሽብልቅ ናቸው። ድንጋይ ከመፍለጤ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጌ እመታውና ጆሮዬን አዘነብላለሁ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው እንደ ታመመ ሰው ያጉረመርማል። እጅም የራሱ ጆሮ አለው። ጠንካራው መዶሻውን ይመልስልሃል፣ ደካማው ይውጥብሃል። ሰው ይህን አውቆ ምን ያደርጋል ብትሉኝ፣ እኔ በዚህ እውቀት አንድ ጊዜ የሮቤን መሬት አናግሬበታለሁ። ዛሬ ጉልበቴ ደክሞ በዱላ ስሄድ እንኳ ያንን ሳምንት ሳስብ ልቤ እንደ ጎረምሳ ይመታል።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ መሥሪያ ቤቱም፣ ሆስፒታሉም፣ ትልቁ ትምህርት ቤትም እዚያ ነው። እኛ ሮቤዎች የረቡዕ ገበያ ነበረን፣ ስንዴና ገብስ ነበረን፣ ጭቃ ነበረን። ትምህርት ቤት ያልን እንደሆነ እስከ አራተኛ ክፍል የምታስተምር አንዲት ጠባብ የጭቃ ቤት ነበረች።

የመጀመሪያ ልጄ ሴት ናት። አራተኛን ስትጨርስ ጎባ፣ ከባለቤቴ አክስት ቤት አስቀመጥናት። ቅዳሜ ስትመጣ የተማረችውን ሁሉ ለእናቷ ስታወራ እኔ ሽብልቅ የምሞርድ መስዬ አዳምጣለሁ። በዚያ ዓመት ግን የአክስቲቱ ባል ወታደር ነበርና ወደ ጊኒር ተዛወረ። ክረምት ሲገባ የጎባው ቤት ይዘጋል። ከሮቤ ጎባ በየቀኑ በእግር መመላለስ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሚታሰብ አይደለም። ባለቤቴ «እንግዲህ የተማረችው ይበቃታል» አለች። አፏ ይበቃታል ይበል እንጂ ዓይኗ ሌላ ይል ነበር።

የሮቤ ሰው ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ይሠራልን እያለ አቤት ሲል ብዙ ጊዜው ነው። በዚያው ዓመት ከጎባ መልስ መጣ። ጣውላውና ቆርቆሮው ተመድቧል፤ ነገር ግን አስቀድሞ አንድ መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጥቶ መሬቱን ይለካል፤ መሬቱ ካልሆነ ዕቃው ወደ ሌላ ወረዳ ያልፋል። መሬት መለካት ሲባል እኛ የምናውቀው በቃላድ ነው፤ ርዝመቱንና ወርዱን። እና ይለካ፣ አልን፤ ቦታ እንደሆነ ሞልቷል። እኔ ግን በልቤ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። መሐንዲሱ እሺ ካለ ልጄ ትማራለች፤ እንቢ ካለ በክረምቱ እንጨት ለቀማ ትጀምራለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

መሬቱን የሰጡት ከመንገዱ በታች እርሻ የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው። መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሁላችንም ሐጂ እንላቸው ነበር። የእሳቸው አማርኛ በኦሮምኛ የተለወሰ ነው፣ የእኔ ኦሮምኛ በአማርኛ የተለወሰ፤ መሀል መንገድ ላይ እንገናኛለን። የጎባው ደብዳቤ ሲነበብላቸው አጠገባቸው ነበርኩ። ቦታው ከሣር ጸድቶ፣ ከብት ሳይገባበት ይጠብቅ ይላል፤ ሌላ ነገር የለበትም። ሐጂ ግን ደብዳቤውን ካስነበቡ በኋላ ወርደው መሬታቸውን አዩ። መረሬ ነው፤ እኛ አገር ኮቲቻ የምንለው ጥቁር አፈር። በክረምት እንደ ሊጥ እግር ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቅና እግር ይውጣል። ያን ጊዜ በጋ ነበር።

የአዲስ አበባ እንግዳ በሐጂ መሬት ላይ እግሩ ቢሰበር የሚያፍረው ማን ነው አሉን። እውነትም ነው። ደግሞ ለገበሬ ንጹሕ ቦታ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አውድማ ነው።

ስለዚህ አውድማ ሠራን። እንዲህ ያለ አውድማ በባሌ ከዚያ በፊት ተሠርቶ እንደሆነ እኔ አላየሁም። ሣሩን ፋቅን። ከመንገዱ ቁፋሮ ገረጋንቲ በአህያ አመላለስንና ስንጥቁን ሁሉ ሞላን፤ ሞልተን ስናበቃም ግማሽ ክንድ ያህል አለበስነው። ከሻያ ወንዝ ውኃ ቀዳን። ከዚያ ሐጂ ከየዘመዶቻቸው አርባ ፈረስ ሰብስበው አስገቡና፣ ገብስ እንደሚወቃ ሁሉ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በክብ አስረገጡት። እኔ ድንጋይ አዋቂ ነህ ተብዬ ጠርዝ ጠርዙን በመዶሻ ጠቀጠቅኩ። ሴቶቹ በእበት ለቀለቁት። ደርቆ ሲያበቃ ጤፍ ቢፈስበት አንዲት ፍሬ የማትጠፋበት፣ ሲረግጡት የሚደልቅ መሬት ሆነ። እኛ ቆመን በኩራት አየነው።

ላንድሮቨሩ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። መሐንዲሱ መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት ነው፤ ገና ጢሙ በወጉ አልሞላም። ከእሱ ጋር አንድ ወሬኛ ሾፌር አለ፤ ሌላ ሰው የለም። መሐንዲሱ ወርዶ ዞር ዞር አለና እንዲህ ያለ ደልዳላ ቦታ አግኝቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ። የከተማ ልጅ ነው፤ አውድማ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሾፌሩ አይቷል፤ ግን ሾፌር ስለ መሬት ምን አገባው።

ገመድ ያወጣል ብለን ስንጠብቅ ሣጥን አወጣ። ሣጥኑ ፊት ለፊት እንደ ዓይን ያለ ክብ መስተዋት አለው፤ በቀን ብርሃን ስለማይታይ መሐንዲሱ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ነው የሚያየው። ከሣጥኑ ረጅም ሽቦ ወጣ፤ በሽቦው ላይ ሾህ ያላቸው ትንንሽ ነገሮች አሉ፤ እነሱን በየአምስት እርምጃው መሬት ላይ ሰካቸው። ሾፌሩ «ጆሮ» ነው የሚላቸው። ከዚያ ወፍራም ሳንቃ መሬት ላይ አጋደሙና ላንድሮቨሩን ነድተው በላዩ ላይ አቆሙት፣ ክብደቱ ሳንቃውን ከመሬቱ ጋር እንዲያጣብቀው። በመጨረሻ ትልቅ መዶሻ ወጣ። እጀታው ላይ ሽቦ ታስሮበታል።

ያን መዶሻ ሳይ እጄን በላኝ።

ሥራው የሳንቃውን ጫፍ በጎኑ መምታት ነው፤ አንድ ጊዜ ከግራ፣ አንድ ጊዜ ከቀኝ። ለመምታትማ ስንቱ ጎረምሳ ተሽቀዳደመ። መሐንዲሱ ግን ኃይል አይደለም የፈለገው፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚመታ ሰው ነው የፈለገው። አንዱ መታ፤ ከጨርቁ ውስጥ «አይሆንም» የሚል ድምፅ መጣ። ሌላው መታ፤ አሁንም አይሆንም። እኔ ሦስት ጊዜ መታሁ። ከጨርቁ ሥር የመሐንዲሱ ራስ ብቅ አለ።

«ማን ነው አሁን የመታው?» አለ። «ሦስቱም አንድ ናቸው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሾፌሩ ስሜን ትቶ «መዶሻው» ይለኝ ጀመር። እኔም አልጠላሁትም።

ሲያርፍ ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት፤ ጌታዬ፣ ይህ መሬት ምን አድርጎን ነው የምንመታው? ሳቀና አስረዳኝ። ምቱ በመሬት ውስጥ ይሄዳል። ጠንካራ መሬት ውስጥ ይሮጣል፣ ለስላሳ መሬት ውስጥ ይጎተታል። ሣጥኑ ምቱ ከሳንቃው ተነሥቶ እያንዳንዱ ጆሮ ዘንድ የደረሰበትን ጊዜ ያሳያል፤ የዓይን ጥቅሻ እንኳ አይሞላም፤ ሣጥኑ ግን ይቆጥረዋል። ከፍጥነቱ የመሬቱ ጥንካሬ ይታወቃል። ስምጥ ሸለቆው ከተራራው ማዶ ነው፤ አንድ ቀን ምድር ብትንቀጠቀጥ ቤቱ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ከዚያ ይሰላል። ሐጂም ልጅ ሳሉ ምድር ተንቀጥቅጣ ቅሉ ሁሉ ከመደብ እንደ ረገፈ አስታወሱ።

ምሳ እኔ ቤት ነበር። ባለቤቴ የገብስ ገንፎ በቅቤ አቀረበች። መሐንዲሱ የክብሪት ቀፎ ከኪሱ አወጣና መጀመሪያ በጠረጴዛው ላይ አቆመው፤ ጠረጴዛውን ነቀነቀ፤ ክብሪቱ ቆመ። ከዚያ በገንፎው ላይ አቆመው፤ ሳህኑን በዚያው ልክ ነቀነቀ፤ ክብሪቱ ተገነደሰ። ለስላሳ መሬት እንዲህ ነው አለን፤ መንቀጥቀጡን ያበዛዋል። ባለቤቴ ገንፎዋ ላይ ክብሪት ሲቆም አይታ ፊቷን ወደ ጓዳ መለሰች። ሾፌሩ ክብሪቱ የወደቀበትን በኩል አልፎ በላ።

ከሰዓት በኋላ ስንመታ ዋልን። የእኔ ችግር አንድ ብቻ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ማየት እፈልጋለሁ፤ መሐንዲሱ መሬቱ ሲመልስ አረንጓዴ ክር ይዘላል ብሎኛል። ግን የሚመታው እኔ ነኝ፤ መቺ ደግሞ ባለበት ይቀራል። ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየተከናነበ ሲያይና «አጃኢብ» ሲል እኔ መዶሻ ይዤ እቆማለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሐንዲሱ ወረቀቱን እያየ ፊቱ በራ። መረሬ ነው ተብሎ ነበር የመጣው፤ ይህ ግን ይሮጣል አለ። በዚህ ላይ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት ይቆማል አለ። የድንጋይ! ሐጂ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ሕዝቡ እልል አለ፤ እኔ ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ መሬት መርገጡን እንጃ። ልጄ ትማራለች፣ እኔ በፈለጥኩት ድንጋይ ውስጥ ትማራለች። ባለቤቴ «እርግጥ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መሬቱ ራሱ ተናግሯል አልኳት።

በማግስቱ ማክሰኞ መሐንዲሱ ሽቦውን ዘርግቶ ራቅ ካለ ቦታ አንድ ሁለት ጊዜ አስመትቶ ሊጨርስ ፈለገ። ሳንቃው ከአውድማው ጠርዝ ወጥቶ ማንም ያልነካው ሜዳ ላይ ተጋደመ፤ ላንድሮቨሩም ወጣበት። አነሣሁና መታሁ።

መዶሻው አልተመለሰም።

ይህን ለሰው ማስረዳት ይከብደኛል። አውድማው ላይ ስመታ ከሳንቃው ወደ ክንዴ የሚመጣ ነገር ነበር፤ ጤነኛ ድንጋይ እንደሚመልሰው። እዚህ ግን ምቴ ገብቶ ቀረ። ደግሜ መታሁ፤ ዋጠው። ከጨርቁ ሥር መሐንዲሱ ይህ የማይሆን ነገር ነው አለ፤ ምቱ በጣም ዘግይቶ ደረሰ። ሽቦ ተበጥሶ ይሆናል ብሎ ሾፌሩን ላከው። ሾፌሩ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳሰሰ ሲሄድ እኔ ሽቦው እንዳልተበጠሰ አውቅ ነበር። ትናንት ያሯሯጥነው ምን እንደሆነ ገባኝ። ምቱ በረገጥነው ቅርፊት ላይ፣ በደህና መንገድ እንደሚጋልብ ፈረሰኛ፣ ሽው ብሎ ጆሮው ዘንድ ይደርሳል። ከሥር በጭቃው የሚጎተተው እግረኛ ገና መንገድ ላይ ነው። ሣጥኑ ፈረሰኛውን ሰምቶ ይጽፋል።

ቀና ስል ሐጂ እያዩኝ ነው። እሳቸውም ገብቷቸዋል። አንገታቸውን በትንሹ ወዘወዙ፤ ዝም በል ማለት ነው። መሐንዲሱ የሩቁን ልኬት የተበላሸ ነው ብሎ በወረቀቱ ላይ ሰረዘው።

ወደ ምሳ ስንሄድ ከኋላ ቀረሁ። ብናገር መሬቱ ለስላሳ ነው ይባላል፣ ዕቃው ይሄዳል፣ ልጄ ከቤት ትውላለች። ዝም ብል ትምህርት ቤቱ ይሠራል። ማን ያውቃል፣ ምድር እስከ ዘላለሙ ባትንቀጠቀጥስ? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሄድኩ። ከዚያ ፎቁ ታየኝ። አንድ የግንብ ድንጋይ ስንት እንደሚከብድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በሮቤ አልነበረም። በትከሻዬ ተሸክሜዋለሁ፤ አንድ ጊዜም እግሬ ላይ ወድቆ የአውራ ጣቴን ጥፍር ወስዷል። ያ ድንጋይ በመቶ በመቶ ተደራርቦ ታየኝ፤ ከሥሩ ልጄ ደብተር ዘርግታለች።

ቤት ገባን። ተቀመጥን። ባለቤቴ ገንፎውን አቀረበች። ሐጂ ከመሐንዲሱ ቀጥሎ ናቸው። ከሌማቱ ላይ ቂጣ አነሣሁና በገንፎው ላይ አለበስኩት። የመሐንዲሱን ክብሪት ወስጄ ቂጣው ላይ አቆምኩ። ሳህኑን ነቀነቅኩ። ክብሪቱ ቆመ።

ሾፌሩ መዶሻው ዛሬ መሐንዲስ ሆነ ብሎ ሳቀ።

ጠንከር አድርጌ ነቀነቅኩ። ቂጣው ክብሪቱን እንደ ተሸከመ በገንፎው ላይ ተንሸራተተና ከሳህኑ ጠርዝ ወጣ፤ ክብሪቱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

መሐንዲሱ ክብሪቱን አየ፣ እኔን አየ። «ቂጣው የት ነው?» አለኝ።

«ከታች ነው፣ ጌታዬ። ሲቆሙበት የዋሉት ነው።»

ሳይበላ ተነሣ። ከላንድሮቨሩ ዲጂኖ አወጣና አውድማው መሀል ላይ መውቃት ጀመረ። ብረቱ ጮኸ፣ አሁንም ጮኸ፤ ግማሽ ክንድ ያህል እየጮኸ ገባ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ድምፁ ጠፋና ዲጂኖው እስከ መያዣው ሰመጠ። መሐንዲሱ አጠገቡ ተቀመጠ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብሎ ሐጂን ጠየቃቸው።

«ስንት ፈረስ?»

«አርባ» አሉ ሐጂ፣ በዱላቸው ተደግፈው።

«ስንት ቀን?»

«ሦስት። እንግዳ እንዳይደናቀፍ ብለን ነው።»

መሐንዲሱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እኔ እኮ ከትናንት ጀምሮ የለካሁት ፈረሶቻችሁን ነው» አለና ሳቁ አመለጠው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሾፌሩ ተከተለው። ሐጂ መጀመሪያ ኮስተር አሉ፤ በኋላ እሳቸውም አልቻሉም። ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ያ ኢልመ ኮ፣ አፍህ እንዲከፈት ገንፎ መቅረብ ነበረበት?» አሉኝ። ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡኝም ሲወዱኝም የሚሉት እሱን ነበር።

ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ከበደ። መሐንዲሱ ሐሙስ ጠዋት ጎባ ወረቀቱን ማስረከብ አለበት። ሌላ ቀን የለም። መሬቱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ እሺ ብሎ አይፈርምም፤ አልፈርምም ማለት ደግሞ ጣውላው ሄደ ማለት ነው። አውድማው ተነሥቶ እንደገና የሚለካበት አንድ ቀን ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ረቡዕ፣ የገበያ ቀን።

እንዲህ ያለ ርብርብ አላየሁም። ሐጂ ወጥተው ተጣሩ፤ ማታ ከመድረሱ በፊት ስምንት ጥማድ በሬ አውድማው ላይ ገባ። ማረሻ እየዘለለ አልይዝ ሲል እኔና ጎረምሶቹ በዲጂኖ ከፊት ከፊት እየሰበርን ሄድን። የረገጡት ፈረሶች ባለቤቶች ራሳቸው ገረጋንቲውን በአካፋ ዛቁ። ያን ያህል የኮራንበትን ሥራ በራሳችን እጅ ስናፈርስ፣ ጌታ ይይልኝ፣ ደስታው ከሠራንበት ቀን በለጠ። አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ይሳደባል። ሾፌሩ ጃኬቱን አውልቆ አካፋ ይዞ «ሰው ትምህርት ቤት ለመሥራት ያርሳል እንዴ?» ይላል።

ረቡዕ ጠዋት ጥቁሩ አፈር ወጥቶ ጠበቀን። መሐንዲሱ ጆሮዎቹን እየተንበረከከ ራሱ ሰካቸው። ሳንቃው ተጋደመ፤ ላንድሮቨሩ ወጣበት። ችግሩ ገበያው ነበር። ከመንገዱ በላይ ሕዝብ ይተራመሳል፤ ፈረስ ይመጣል፣ አህያ ይሄዳል፤ ለስላሳ መሬት ደግሞ ኮቴውን ሁሉ ያመጣዋል። መሐንዲሱ ከጨርቁ ወጥቶ ክሩ እንደ ሰነፍ ሸማኔ ክር ተወሳሰበ አለ። በዚህ ሁኔታ አይለካም።

ሐጂ በቅሏቸውን አስጭነው ወጡ። ለሕዝቡ ምን ብለው እንደ ነገሩት ከሩቅ አልሰማሁም፤ ብቻ ወደ ገበያው መሀል ገብተው ዱላቸውን ወደ ላይ አነሡ። ዱላው ሲነሣ ማንም አይንቀሳቀስም፣ ሲወርድ ገበያው ይቀጥላል። እናንተ፣ ያ ገበያ ቆመ! ስንዴ የምትሰፍር ሴት ቁናዋን በአየር ላይ እንደያዘች፣ የፈረስ ነጋዴው የፈረሱን ልጓም ጨብጦ፣ ሕፃን የታቀፈች ጡቷን አጉርሳ፤ ሁሉም እንደ ሥዕል ቀጥ አለ። ከሳነቲ የሚወርደው ነፋስ ብቻ ነበር የሚሰማው። እኔ መዶሻውን አነሣሁ።

መታሁ። ዋጠው። ደግሜ መታሁ። ያን ቀን መሬቱ ምቴን ሲውጥ አልከፋኝም፤ እውነቱን ነው የሚናገረው። ከግራ አሥር፣ ከቀኝ አሥር፤ ሐጂ ዱላ ያነሣሉ፣ እኔ መዶሻ አነሣለሁ። አንድ ጊዜ ልክ ስመታ አንዲት አህያ ከገበያው ጩኸቷን ለቀቀችውና ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩ መጀመሪያ የምትመዘገበው ያቺ ናት አለ። እንደገና ዱላ፣ እንደገና ዝምታ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ፤ ብርዱ ጠፋብኝ። የሮቤ ገበያ ሙሉ ትንፋሹን ይዞ የእኔን መዶሻ ሲጠብቅ ይታያችሁ። ንጉሥ የሆንኩ መሰለኝ።

መሐንዲሱ ሣጥኑን ዘጋና ላንድሮቨሩ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። በአንዲት ማስመሪያ መሰል ተንሸራታች እንጨት ያሰላል፣ ይጽፋል። ረጅም ጊዜ ቀና አላለም። አጠገቡ ቆምኩ። ልጄን አስቤ መቆየት አቃተኝ።

«ጌታዬ፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«ለስላሳ ነው» አለ። «ገንፎ ነው።» ከዚያ ወረቀቱን አዙሮ ጀርባው ላይ አንድ ቤት ሣለ፤ ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ ቀላል ቤት። «ግን ምን ያህል ገንፎ እንደሆነ አሁን አወቅሁ። ስለዚህ ይሠራል። ያ የድንጋይ ፎቅ ቀርቷል። ከላይ እንጨትና ቆርቆሮ ነው፤ እንደ ቅርጫት የተሳሰረ፣ ቢወዛወዝ የማይበተን። ድንጋዩ ሁሉ ወደ ታች ይገባል፤ ስንጥቁ ከሚያልቅበት በታች ተቆፍሮ። የእርስዎን ድንጋይ ማንም አያየውም።»

«ይቀበር» አልኩት። ሐጂ ከገበያው መጥተው ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ምን አለ ብለው ጠየቁኝና በኦሮምኛ ነገርኳቸው። «ቶሌ» አሉ፤ መልካም ማለታቸው ነው። ወደ ገበያው ዞረው ዱላቸውን አወዛወዙ፤ እልልታው እንደ ዝናብ ወረደ።

መሐንዲሱ ዕቃውን ሊጭን ሲነሣ ምን ላድርግልዎት አለኝ። አላፈርኩም፤ ክሩን ማየት እፈልጋለሁ አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሦስት ቀን ሙሉ ስመታ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳላየሁ ሲገባው ግንባሩን መታ። ሣጥኑን እንደገና ከፈተ፣ ጨርቁን በራሴ ላይ ጣለልኝ፣ መዶሻውን ራሱ ወሰደ፤ ሐጂም ለእኔ ሲሉ ገበያውን ለማስቆም ዱላቸውን አንድ ጊዜ ደግመው አነሡ። ሾፌሩ ኧረ እግርዎን ኢንጂነር ሲል ሰማሁት።

ጨለማ ነው። መሀል ላይ አረንጓዴ ክር ተዘርግቷል፤ ቀጥ ያለ፣ ዝም ያለ። ትንፋሼን ያዝኩ። ከውጭ የመዶሻው ድምፅ ቧ አለ፤ አመታቱ ደካማ ነው፣ የሚጽፍ ሰው አመታት ነው። ክሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። አሁንም ቀጥ እንዳለ ነው። አልደረሰም ብዬ ልናገር ስል፣ ከሥር የመጣ ነገር አነሣው። ወደ ላይ ዘለለ፣ ወረደ፣ ተርገበገበ፣ ቀስ እያለ ተኛ። ጮኽኩ መሰለኝ። ከሌላው ጫፍ ይምቱት አልኩ። መታው። አሁን ክሩ ቀድሞ ወደ ታች ወረደ፣ ከዚያ ወጣ፤ የፊተኛው ግልባጭ። ከግራ ስትመታው ወደዚያ፣ ከቀኝ ስትመታው ወደዚህ! አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነበርኩ፤ በተወለድኩበት መሬት ላይ ስመላለስ ኖሬ ሲመልስልኝ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጨርቁን አልለቅም ብዬ አስቸገርኳቸው።

ክረምቱ ሳይገባ ድንጋይ ፈለጥኩ። የመሠረቱ ጉድጓድ ውስጥ ስደረድረው በማይታይ ድንጋይ ላይ ይህን ያህል አትጨነቅ ያለኝ ሰው ነበር፤ እያንዳንዱን በመዶሻ እያዳመጥኩ ነበር የማወርደው። ልጄ ክረምት ሲገባ ከጎባ ዕቃዋን ይዛ ተመለሰች፤ መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። አዲሱ ቤት ዝቅ ያለ ነው፣ ረጅም ነው፣ ቆርቆሮው ያበራል። የእሷ ስድስተኛ ክፍል በሦስተኛው በር ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያ ክር ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀችኝ። በቃል ብነግራት አልጠግብ አለች። ደብተሯን ከጀርባው ገልጣ እርሳሷን ሰጠችኝ። እርሳስ ከጨበጥኩ ስንት ዘመኔ። ከግራ ጀምሬ ቀስ ብዬ ሳብኩ፤ ቀጥ ያለውን አለፍኩ፤ መዝለያው ላይ ስደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ።

«አባባ፣ እጅዎ ተንቀጠቀጠ» አለች። «ቀጥ ያድርጉት እንጂ።»

«ቀጥ ካለማ» አልኳት፣ «መሬቱ ገና አልመለሰም ማለት ነው።»